ለጓንቴ መብራት፦ ሞተር ሳይክል ላይ ሶኬት የመግጠም ማስታወሻ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለችው። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ጥርት ሲል ሙቀቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሮ ይታያል። በእግሩ የሚሄድ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ያልፈዋል። ሞተር የሚነዳ ሰው ብርድ ግን ሌላ ነው። አየሩ 0 ዲግሪ ሆኖ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢነዱ፣ የተጋለጠ ቆዳ ላይ የሚሰማው ብርድ ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ ያህል ነው።

ሥራዬ ላሞችን በሰው ሠራሽ ዘዴ ማዳቀል ነው፤ በግሌ ነው የምሠራው። ማታ ድራት (ኮርማ የመፈለግ ምልክት) ያሳየች ላም በማግስቱ ጠዋት ትዳቀላለች። ጠዋት ያሳየች ደግሞ ከሰዓት በኋላ። ስለዚህ ስልኬ ማታ ይጮኻል፣ እኔ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስቼ እወጣለሁ። ከኋላዬ የታሰረው ዕቃ ውስጥ የኮርማ ዘር የሚቀመጥበት ፈሳሽ ናይትሮጅን አለ፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ። ስደርስ የኮርማውን ዘር ከ35 እስከ 37 ዲግሪ በሚሆን ውሃ አቀልጣለሁ። ከዚያ በኋላ ጊዜ የለም፤ መፍጠን አለብኝ። ግራ እጄን አስገብቼ የማኅፀን በሩን በጣቴ ዳስሼ ማግኘት አለብኝ። የደነዘዘ ጣት ደግሞ አይዳስስም። አምና አንድ ጠዋት እጄ እስኪመለስ የላሟ ባለቤት ምድጃ ጥግ ሩብ ሰዓት ቁጭ ብያለሁ። እሳቸው በትሕትና ቡና አቀረቡልኝ እንጂ ምንም አላሉም። እኔ ግን አፈርኩ።

ጓንቴን በመብራት የሚያሞቅ ሶኬት ሞተሬ ላይ ለመግጠም የተነሳሁት ለዚህ ነው። እንደሠራሁት በየቀኑ የጻፍኩትን እነሆ።

ኅዳር 18

እህቴ ከዴንቨር የላከችው ዕቃ ደረሰ። ሞተሩን የሸጠ የሥራ ባልደረባዋ በርካሽ ሰጥቷት ነው። በመብራት የሚሞቅ ጓንት አንድ ጥንድ፣ ከካፖርት ሥር የሚለበስ የሚሞቅ ስስ ጃኬት፣ ሙቀቱን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ትንሽ መቆጣጠሪያ። ሁሉም በ12 ቮልት የሚሠሩ ናቸው። ከባትሪ ጋር የሚያገናኘው ገመድ ግን የለም፤ ሰውየው ሞተሩ ላይ ትቶት ሸጦታል።

የጓንቱ ጥንድ 27 ዋት ይላል፣ ወደ 2.2 አምፔር ማለት ነው። ጃኬቱ 77 ዋት፣ 6.4 አምፔር። ወዲያው ባትሪው ላይ አስሬ ልሞክረው ፈልጌ ነበር። ታገስኩ።

የእኔ ሞተር 150 ሲሲ ናት። ባትሪዋ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር አወር ነው። ትልልቆቹ የአሜሪካ ሞተሮች ዲናሟቸው ጃኬቱንም ጓንቱንም ችሎ ይተርፈዋል። የእኔዋ ስንት ትችላለች? ለዚህ መልስ ሳላገኝ ምንም ሽቦ አልቆርጥም ብያለሁ።

ኅዳር 20

ጥያቄውን ይዤ አውቶ ኤሌክትሪሺያን ዘንድ ሄድኩ። ብዙ ዓመት መኪና ሲሠሩ የኖሩ ትልቅ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ይቺ ሞተር ስንት አምፔር ትርፍ አላት?»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ ልጄ፣ እሷን ጠይቃት» አሉኝና ሦስት የመኪና ፍሬን አምፖሎች ከነመያዣቸው ሰጡኝ። እያንዳንዳቸው 21 ዋት ናቸው፣ ማለትም 1.75 አምፔር ይበላሉ።

ዘዴው ቀላል ነው፣ እኔ ግን በራሴ አላሰብኩትም ነበር። ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርጎ ባትሪው ላይ መሰካት። ሞተሩን አስነስቶ ዙሩን በደቂቃ 4000 ላይ መያዝ። ከዚያ አምፖሎቹን አንድ በአንድ ባትሪው ላይ እየጨመሩ ቮልቱን ማየት። ቮልቱ ከ13 በላይ እስከቆመ ድረስ ዲናሞው አምፖሉንም እየመገበ ባትሪውንም እየሞላ ነው። ከዚያ በታች እየወረደ ከሄደ አምፖሉን የሚያበራው ባትሪው ራሱ ነው፣ ማለትም እየተራገፈ ነው።

ያገኘሁት ይህ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ 12.6። በ4000 ዙር ያለ ምንም ጭነት 13.9። አንድ አምፖል ሲጨመር 13.7። ሁለት፣ 13.3። ሦስት፣ 12.7፤ እሱም ቆሞ አልቀረም፣ እየወረደ ነበር። ስለዚህ ሞተሬ መንገድ ላይ ያላት ትርፍ ከሁለት አምፖል ብዙም አይበልጥም፤ 3.5 አምፔር ቢሆን ነው።

ነዳጅ ሳልሰጣት ቆማ ስትንተከተክ ግን ነገሩ ተለወጠ። አንድ አምፖል ብቻ ቮልቱን ወደ 12.4 አወረደው።

ጃኬቱ በዚሁ አበቃለት። 6.4 ይፈልጋል፣ ያለኝ 3.5 ነው። በየሰዓቱ ወደ 3 አምፔር አወር ከባትሪው ይበላል። 7 አምፔር አወር ባትሪ በሁለት ሰዓት ጥቂት ቢያልፍ ባዶ ይሆናል፤ ሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሳውን) ለማዞር አቅም የሚያጣው ደግሞ ከዚያ በጣም ቀድሞ ነው። ጓንቱ ግን ይቻላል። እጄ ነው የሚያስፈልገኝ፣ ስለዚህ አልከፋኝም።

የፊት መብራቱን በኤልኢዲ ቀይሬ ትርፍ ላግኝ ብዬም አስቤ ነበር። ጋሼ አስቆሙኝ። «ሞተሩ ጠፍቶ የፊት መብራትህ ይበራል?» አይበራም። ሲነሳ ነው የሚበራው፣ ዙሩ ሲወርድ ደግሞ ይደበዝዛል። ያ ማለት መብራቱ ከባትሪ ሳይሆን በቀጥታ ከዲናሞው ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ነው የሚወስደው። ከባትሪው የማይበላን ነገር ቀንሼ ለባትሪው ትርፍ አላገኝለትም። በአነስተኛ ሞተሮች ላይ ይህ የተለመደ ነው። የእናንተም እንደዚያ መሆኑን ለማወቅ ቁልፉን ከፍቶ፣ ሞተሩን ሳያስነሱ መብራቱን መሞከር ብቻ ይበቃል።

ኅዳር 23

የመጀመሪያ ሙከራ። ቸኮልኩ።

ቁልፍ ሲከፈት ብቻ መብራት የሚኖረው ሽቦ ፈለግኩ፤ ጓንቱን ረስቼ ብሄድ ባትሪው እንዳያልቅ። የኋላ መብራቱ እንደ ፊቱ ስለሆነ አይሆንም። ክላክሱ ግን ሞተሩ ጠፍቶም ይሠራል፣ ስለዚህ ከባትሪ ነው። የክላክሱን ሽቦ ልጬ፣ ሁለት ገመድ ጠምዝዤ፣ በናስትሮ ጠቀለልኩት። ጓንቱ ሞቀ። ደስ አለኝ።

ማታ ጠባሴ ድረስ ሄጄ ስመለስ ደስታዬ ቀነሰ። ለብ ያለ ነገር እንጂ ሙቀት አልነበረም። ቤት ገብቼ ለካሁ። ባትሪው ላይ 13.4 ቮልት አለ። ጓንቱ ጋ የሚደርሰው 11.2። 2.2 ቮልት የት ገባ? በከፊል ቁልፉ ውስጥ ያረጀው ኮንታክት፣ በከፊል የፋብሪካው ቀጭን ሽቦ፣ የቀረው ደግሞ እኔ የጠመዘዝኩት መጋጠሚያ ላይ ቀርቷል። መጋጠሚያውን በጣቴ ስነካው ይሞቃል። ለእጄ የታሰበው ሙቀት እዚያ ናስትሮ ሥር ነበር።

2.2 ቮልት ትንሽ ይመስላል። ሙቀት ግን ከቮልቱ ጋር እኩል አይወርድም። ቮልቱ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚቆጠረው። ከ13.4 ወደ 11.2 ስትወርድ 30 በመቶ የሚሆነውን ሙቀት ታጣለህ።

ሁሉንም ፈታሁት። የክላክሱን ሽቦ በደንብ መልሼ ሸፈንኩት።

ኅዳር 25

እንደገና፣ አሁን በሥርዓቱ።

ከመኪና ዕቃ መሸጫ የገዛሁት አንድ ባለ አራት እግር ሪሌ (በጥቂት ኤሌክትሪክ ተቀስቅሶ ትልቁን የሚያሳልፍ ማብሪያ)፣ አንድ የፊውዝ ቤት፣ 5 አምፔር ፊውዝ፣ አምስት ሜትር 1.5 ካሬ ሽቦ ነው። ሽቦው ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው የመኪና ሽቦ መሆን አለበት። ለቤት መብራት የሚዘረጋው ባለ አንድ ዘንግ ሽቦ ሞተር ላይ አይሆንም፤ ንዝረቱ ውስጥ ውስጡን ይሰብረዋል፣ ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል።

መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታሁ። ከዚህ መጀመር የግድ ነው። ፖዚቲቩን ቀድሞ የሚፈታ ሰው ኪያቤው (መፍቻው) ቴላዮውን፣ ማለትም የሞተሩን የብረት አካል፣ ከነካ ብልጭታው እጁ ላይ ነው።

ከፖዚቲቩ የሚወጣው ሽቦ አንድ ስንዝር እንኳ ሳይሄድ ፊውዙ ውስጥ ይገባል። ብዙ ሰው ፊውዙን ዕቃው አጠገብ ያደርጋል። ፊውዝ የሚጠብቀው ዕቃውን ሳይሆን ሽቦውን ነው። ሽቦው መቀመጫው ሥር ተፍቆ ቴላዮውን ቢነካ፣ ፊውዙ ከዚያ በኋላ ከሆነ ምንም አያደርግም። ሽቦው ይቀልጣል፣ ከላዩ ያለው ደግሞ የነዳጅ ታንክ ነው።

ከፊውዙ ወደ ሪሌው 30 ቁጥር እግር። ከ87 ወደ ሶኬቱ። 85 ወደ ማሳ (ኔጌቲቭ)። 86 ከክላክሱ ሽቦ። አሁን ያ ቀጭን ሽቦ የሚሸከመው ሪሌውን የሚቀሰቅሰውን ጥቂት ኤሌክትሪክ ብቻ ነው፣ ወደ 0.15 አምፔር። ጓንቱ የሚበላው ከባትሪው በቀጥታ ነው የሚመጣው። የሶኬቱን ኔጌቲቭም ቴላዮው ላይ አላሰርኩትም፤ እስከ ባትሪው መልሼ ወሰድኩት። ቀለምና ዝገት ያለበት ቦታ ላይ የታሰረ ማሳ ያው እንደ ኅዳር 23ቱ መጋጠሚያ ነው።

ለ2.2 አምፔር ሪሌ አያስፈልግም የሚል ይኖራል። አዲስ ሞተር ቢሆን እስማማ ነበር። የእኔዋ ቁልፍ ብዙ ሺህ ጊዜ የዞረ ነው።

ሽቦውን ታንኩ ሥር ከፋብሪካው ገመድ ጋር አብሬ አሰርኩት። መሪው የሚዞርበት አንገት ጋ ትርፍ ተውኩ። ከዚያ መሪውን ወደ ግራ እስከ መጨረሻ፣ ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻ አዞርኩ። አንድ ጊዜ ተወጥሮ ስላገኘሁት ፈትቼ እንደገና አሰርኩ።

ለካሁ። ባትሪው 13.4፣ ሶኬቱ 13.2።

ኅዳር 27

ሶኬቱ ራሱ አስቸገረኝ። የጓንቱ መሰኪያ ክብ ነው፣ ውጪው 5.5 ሚሊ ሜትር። የደኅንነት ካሜራ የሚገጥሙ ልጆች ጋ ልክ እሱን የሚመስል አገኘሁና ገጠምኩ። ይገባል። ነገር ግን ኮረኮንች ላይ ጓንቱ ይሞቃል፣ ይጠፋል፣ ይሞቃል።

ልዩነቱ ውስጡ ነው። የካሜራው ሶኬት መሐል ላይ ያለችው እሾህ 2.1 ሚሊ ሜትር ናት። የጓንቱ መሰኪያ ቀዳዳ 2.5 ነው። ይገባል ግን ላልቷል፣ በነካ ባልነካ ይሠራል። በዓይን አይለይም።

2.5 የሆነውን ከየት ላምጣ ብዬ ስዞር ላፕቶፕ ጠጋኝ ጋ ደረስኩ። ብዙ ላፕቶፖች የሚጠቀሙት ይህንኑ 5.5 በ2.5 ነው። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ሶኬት በትንሽ ብር ሰጠኝ። ላፕቶፕ ከጓንቱ የበለጠ አምፔር ይስባል፣ ስለዚህ አቅሙ አያሰጋም። ሲሰካ ጠቅ ብሎ ያዘ። መሰኪያውን ይዤ ነቀነቅኩት፣ የጓንቱ ሙቀት አልተቋረጠም።

አቧራ እንዳይገባው ከአሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ ክዳን ቆረጥኩለት። የገጠምኩት ታንኩና መቀመጫው በሚገናኙበት በግራ በኩል ነው። ፊት ለፊት መሪው ላይ ማድረግ ይቀል ነበር፤ ግን ብወድቅ ወይም ሳልነቅለው ብወርድ ገመዱ ወደ ኋላ ተስቦ በራሱ እንዲነቀል እፈልጋለሁ።

ታኅሣሥ 2

ዛሬ እውነተኛው ፈተና ነበር። ማታ ከአንኮበር መንገድ ከአንዲት እናት ተደወለልኝ። ያለቻቸው ላም እሷ ብቻ ናት፤ ባለፈው ጊዜ ያሳየችው ድራት ሳይታወቅ አልፎባቸዋል።

11 ሰዓት ተኩል ላይ ስወጣ የመቀመጫው ላስቲክ በውርጭ ነጭ ሆኗል። መጀመሪያ ሞተሩን አስነስቼ ሁለት ደቂቃ ጠበቅኩ፣ ከዚያ ነው ጓንቱን የሰካሁት። ከከተማው ስወጣ መቆጣጠሪያውን እስከ መጨረሻ ከፈትኩት። ሙቀቱ ከጣቶቹ ጀርባ በኩል ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ምንም አይመስልም። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ግን አንድ ነገር እንደጎደለ ገባኝ። የሁልጊዜው ጥፍር ሥር የሚገባው ሕመም አልመጣም። ጉልበቴ በርዷል፣ አገጬ በርዷል፣ እጄ ግን የእኔ ነው።

ስደርስ እማማ በረት ደጃፍ ቆመው ነበር። «ሐኪሙ፣ ና መጀመሪያ እሳት ሙቅ» አሉኝ። «አይ እማማ፣ ዛሬ እጄ ሙቅ ነው፣ ይንኩት» አልኳቸው። በሁለት እጃቸው ያዙት። «እውነትም!» አሉ፤ ከዚያ ጓንቱን ተቀብለው ውስጡን አዩት።

የማኅፀን በሩን በአንድ ጊዜ አገኘሁት። ቡናውን የጠጣሁት ሥራው ካለቀ በኋላ ነው።

ታኅሣሥ 9

ሞተሪኖው እንቢ አለ። ቀጭ ብቻ። በእግር መትቼ አስነሳኋት።

ባትሪው 11.9 ነበር። ከፊውዙ ጀምሬ ሁሉንም ፈተሽኩ፤ የተበላሸ ነገር የለም። የተበላሸው የእኔ አነዳድ ነው። ይህ ሳምንት በሙሉ የገጠር መንገድ ላይ ነበርኩ። ድንጋይ፣ ቁልቁለት፣ አንደኛና ሁለተኛ ማርሽ። ዙሩ ከ2500 አይበልጥም፤ ጓንቱ ግን እስከ መጨረሻ ክፍት ነው። አምፖሎቹ ኅዳር 20 ቀን ነግረውኝ ነበር። እኔ የያዝኩት የ4000ውን ቁጥር ብቻ ነው።

ባትሪውን ሌሊቱን ቻርጅ ላይ አሳደርኩት።

ታኅሣሥ 11

ትንሽ ዲጂታል ቮልት መለኪያ ገዝቼ መሪው ላይ ገጠምኩ። የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች። ሽቦዋን ከሪሌው 87 ወሰድኩ፣ ቁልፉ ሲዘጋ አብራ ትጠፋለች። ከዚህ ሁሉ ሥራ አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብባል ይህችን እመርጣለሁ። ከ13.2 በላይ ካለች እከፍታለሁ። 12.8 ስትሆን ግማሽ ላይ አደርጋለሁ። ከ12.5 በታች አጠፋለሁ። ከዚህ በፊት ሞተሬ ምን እንደሚሰማት ሳላውቅ ነበር የምነዳት።

ታኅሣሥ 16

የመንዝ በግ ሙሉ ቆዳ ነበረኝ። ሁለት ቦታ ቆርጬ፣ ጠጉሩን ወደ ውስጥ አድርጌ፣ መሪው ላይ እንደ ከረጢት ሰፋሁት። እጅ ከነጓንቱ ይገባል፤ ፍሬንና ፍሪሲዮን በደንብ ይያዛሉ። ሰፍቼ ስጨርስ ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ፤ እጅ በፍጥነት የማይወጣበት ከሆነ አደጋ ነው፣ ስለዚህ አፉን ሰፊ አድርጌዋለሁ።

ጠዋት ስወጣ ጓንቱ እስከ መጨረሻ ሲከፈት ማቃጠል ጀመረ። ወደ ግማሽ አወረድኩት፤ በቂ ነው። ግማሽ ላይ በአማካይ 1.1 አምፔር ነው የሚበላው። የቆዳው ነፋስ መከላከል የመብራቱን ግማሽ ቆጠበልኝ። በዝግታ በሚነዳ መንገድ ላይም አሁን ሳላጠፋው እሄዳለሁ፤ ቮልት መለኪያዋ 12.9 አካባቢ ትቆማለች።

ቆዳውን ኅዳር ላይ ሰፍቼው ቢሆን ኖሮ ባትሪው አይራገፍም ነበር። በእጄ የነበረውን ትቼ ከባሕር ማዶ የመጣውን ቀድሜ አሰብኩ። ለሚቀጥለው ሰው የምለው ይህን ነው፤ መጀመሪያ ነፋሱን አቁም፣ ከዚያ የሚቀረውን ብርድ ለባትሪው ስጠው።

ጥር 7

ትናንት ደብረ ሲና ሄድኩ። የጣርማ በር ዋሻ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ጣሊያኖች የቆፈሩት። ዋሻው አፍ ጋ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ነበር፣ ጓንቱ እስከ መጨረሻ ክፍት። በዋሻው አልፌ ወደ ታች ስወርድ ብርዱ ከኋላዬ ቀረ። ቁልቁለቱ ላይ ነዳጅ ስለማልሰጣት ዙሩ ዝቅ ይላል፣ ሙቀቱም አያስፈልግም፣ አጠፋሁት። ደብረ ሲና ስደርስ ካፖርቴን አውልቄ ነበር። ማታ ስመለስ ዳገቱ ላይ ዙሩ ከፍ ስለሚል ቮልቱ 13.6 ነበር፤ እጅ የሚበርደው እዚያ ነው፣ መብራቱ የሚተርፈውም እዚያው።

ጃኬቱን ሳልሰካ ከካፖርት ሥር እለብሰዋለሁ፤ ስስ ቢሆንም ነፋስ አያስገባም። እህቴ ደውላ «ሠራልህ?» ስትለኝ ስለ እማማ ላም ነገርኳት። ላሟ ከተዳቀለች ከ21 ቀን በኋላ ድራት አላሳየችም። ማርገዟን በእርግጥ የማውቀው በሁለት ወር ተኩል አካባቢ ዳስሼ ነው፤ በየካቲት አጋማሽ እሄዳለሁ።

የቀረኝ ሥራ አንድ ነው። የሶኬቱ ክዳን ላስቲክ ተሰንጥቋል፤ ነገ ወፍራም ከመነዳሪ ፈልጌ እቀይረዋለሁ።